ዲጂታል ሰውን የድንጋይ ሐውልት ማድረግ፦ በብሌንደር እንዴት እንደሚሠራ

የመጀመሪያውን «ሐውልቴን» የጨረስኩት በአንድ ምሽት ነው። ጓደኛዬ ለቲያትር ፖስተር የድንጋይ ሴት ፈልጎ ነበር። ሜክሂዩማን ከሚባለው የዲጂታል ሰው መሥሪያ ፕሮግራም አንዲት ሴት አወጣሁ፣ የቆዳዋን ቀለም አጥፍቼ ከኢንተርኔት ያወረድኩትን የእብነ በረድ ፎቶ አለበስኳትና ሬንደር አደረግኳት (ኮምፒውተሩ የመጨረሻውን ምስል እንዲያወጣ ማለት ነው)። ጠዋት በኩራት ለእናቴ ሳሳያት መነጽሯን አድርጋ ትንሽ አየችና «ይቺን ልጅ ዱቄት ስትነፋ ነው እንዴ ያነሳሃት?» አለችኝ።

ልክ ነበረች። ቀለሙ ምንም አልጎደለውም፤ ጉዳዩ ሌላ ቦታ ነው። የልጅቷ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ፀጉሯ ክር ክር ነው፣ የቀሚሷ ጠርዝ ከወረቀት አይወፍርም። መሮና መዶሻ የያዘ ሰው እነዚህን ከድንጋይ ማውጣት አይችልም፤ ቢሞክርም እጁ ላይ ይሰበሩበታል። ስለዚህ አሁን ከሥራው ሦስት አራተኛውን ጊዜ የምሰጠው ለቅርጹ ነው። ማቴሪያሉን (የገጹን ቀለምና አንጸባራቂነት) የምነካው መጨረሻ ላይ ነው።

የሚያስፈልገው

ብሌንደር የሚባለው የ3D ቅርጽ መሥሪያ ፕሮግራምና ሜክሂዩማን ሁለቱም ነፃ ናቸው፤ ከሜክሂዩማን የምታወጡትን ሰው ለንግድ ሥራም መጠቀም ይፈቀዳል። በገንዘብ የሚሸጡትን ዲጂታል ሰዎች ለዚህ ሥራ አትግዙ። ውድ የሚያደርጋቸው የቆዳቸው ቀዳዳና የፀጉራቸው ክር ነው፤ እኛ ደግሞ መጀመሪያ የምንጥለው እሱን ነው። 8 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ትዕግሥት ካላችሁ ይበቃል። በማውስ ብቻም ይሠራል፤ ግን ርካሽም ቢሆን ባለ ብዕር ታብሌት ካገኛችሁ ጣታችሁ ያመሰግናችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ ከኮምፒውተሩ ውጭ አለ። ለኮብልስቶን ድንጋይ የሚጠርቡ ልጆች ካጋጠሟችሁ ቆም ብላችሁ እዩ። መሮው የነካው ቦታ ሁሉ ትንሽ ጠፍጣፋ ገጽ ይተዋል፤ ጥቁሩ ድንጋይ የተመታበት ቦታም ፈዘዝ ብሎ ይነጣል። እነዚህ ሁለት ነገሮች በኋላ ያስፈልጉናል። በስልካችሁ አንሷቸው፤ ድንጋዩን ማለቴ ነው፣ ልጆቹን ካስፈቀዳችሁ ብቻ።

አቋቋሟ

ድንጋይ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲያጎብጡት ግን ይሰበራል። የተዘረጋ ክንድ፣ በአንድ ጣት የቆመ እግር፣ በነፋስ የተነሳ ነጠላ ለድንጋይ አይሆኑም። አዲስ አበባ ላይ የምኒልክ ፈረስ የፊት እግሮቹን አንሥቶ መቆም የቻለው ነሐስ ስለሆነ ነው። የሚካኤል አንጄሎ ዳዊት (ከ1501 እስከ 1504 የተሠራው፣ 5 ሜትር ከ17 የሚረዝመው) ከቀኝ እግሩ ኋላ የዛፍ ግንድ አለው። ለጌጥ የተቀመጠ እንዳይመስላችሁ፤ ያን ሁሉ እብነ በረድ ቀጭን ቁርጭምጭሚት ብቻውን አይሸከመውም። የኛኑ ብታዩ፣ አክሱም አጠገብ ከሐውልቲ የተገኘችው ተቀማጭ ሴት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እንደ አንድ ድንጋይ ሰብሰብ ብላለች። አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ስለምትገኝ ሄዳችሁ ዙሯት።

ስለዚህ ክንዷን ወደ ጎኗ አስጠጉ፣ ጣቶቿን ግጠሙ፣ ክብደቷ እግሯ ላይ ይረፍ። የግድ ክንድ መዘርጋት ካለበት ከታች መደገፊያ ድንጋይ ተዉለት፤ እንዲያውም እሱ ነው የበለጠ እውነት የሚያስመስላት። አፏ ዝግ ይሁን። ጥርስ የሚያሳይ ፈገግታ ድንጋይ ላይ ያስፈራል።

አቋቋሟ ሲያልቅ የአርማቸር ሞዲፋየሩን (አካሏን ከማንቀሳቀሻ አጥንቶቹ ጋር የሚያያይዘውን) አፕላይ አድርጉ፣ አቋቋሟ እንዲጸና። ከዚያ ሽፋሽፍቱን፣ ቅንድቡን፣ ጥርሱን፣ ምላሱን፣ ፀጉሩን አጥፉ። አትሳሱ።

ሁሉን አንድ ድንጋይ ማድረግ

ልብሱ ውፍረት የለውም፤ የሶሊዲፋይ ሞዲፋየር ጨምሩና ጠርዙን ወደ 2 ሴንቲ ሜትር አድርሱት፣ ከዚያ አፕላይ አድርጉት። መቆሚያውን መሠረትም ከአሁኑ አስገቡ፤ በኋላ የተቀጠለ መሠረት ከእግሯ ጋር ባለው መስመር ይታወቃል። ከዚያ ሁሉንም በኮንትሮልና ጄ አዋህዱ፣ በኮንትሮልና ኤ ስኬሉን አፕላይ አድርጉ፣ ስከልፕት ሞድ (በብሩሽ የሚቀረጽበት ክፍል) ግቡና ሪሜሽ አድርጉ፤ ሪሜሽ ሁሉንም ቮክሰል በሚባሉ እኩል ትንንሽ ኩቦች ልክ እንደ አንድ ገጽ እንደገና ይሠራዋል። ስኬሉን አፕላይ ሳታደርጉ ከገባችሁ ቮክሰሉ የሚለካው በተሳሳተ ልክ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሌሊት አቃጥያለሁ። የቮክሰሉን መጠን 0.005 ብዬ መጻፍ ሲገባኝ አንድ ዜሮ ጨመርኩ። 5 ሚሊ ሜትር ማለት ለአንድ ሙሉ ሰው ወደ ሰባ ሺህ የሚጠጉ ፖሊጎኖች (ገጹ የተሠራባቸው ትንንሽ ቁራጮች) ናቸው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ማለት ግን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ናቸው፤ ቮክሰሉን በግማሽ በቀነሳችሁ ቁጥር ብዛቱ አራት እጥፍ ያድጋልና። ላፕቶፑ ቀጥ አለ። «ይጨርስ» ብዬ እራት ልበላ ስሄድ መብራት ጠፋ፤ ባትሪው ደግሞ ድሮ የሞተ ነው። የሦስት ሰዓት ሥራ ሴቭ አልተደረገም ነበር። ሪሜሽ ከማድረጋችሁ በፊት ሁልጊዜ ሴቭ አድርጉ፣ ያውም በአዲስ ስም። ከ5 ሚሊ ሜትር ጀምሩ፣ ትልልቁን ቅርጽ ጨርሱ፣ ከዚያ ወደ 2 ውረዱ። ከዚያ በታች ያስፈለገኝ ፊቱን ከቅርብ ለማንሳት ብቻ ነው።

ፀጉርና ዓይን

ሐውልቱ የሚድነውም የሚሞተውም እዚህ ነው።

ፀጉርን በተመለከተ ክሩን እርሱት፤ ጠራቢ የሚያየው ጎርፉን ነው። መጀመሪያ ጭንቅላቷ ላይ እንደ ቆብ አንድ ጉብታ አስቀምጡና ከራሷ ጋር ሪሜሽ አድርጉት። በክሌይ ስትሪፕስ ብሩሽ አምስት ስድስት ትልልቅ ዘለላዎች አውጡ፣ በመካከላቸው በክሪዝ ብሩሽ ጥልቅ ቦይ ቅደዱ። ከዚያ እያንዳንዱን ዘለላ ለሁለት ወይም ለሦስት ክፈሉና አቁሙ። አራተኛ ደረጃ የለም! እጃችሁ ይበላችኋል፣ ትንንሽ መስመር መጨመር ትፈልጋላችሁ፤ ያኔ ነው እንደገና ዊግ የሚመስለው። ለራሴ ያወጣሁት ደንብ ከ3 ሚሊ ሜትር የጠበበ ቦይ አለመቅደድ ነው። መሮ ስፋት አለው።

ለሹሩባ ሌላ መንገድ አለ፤ እንዲያውም ሹሩባ ለድንጋይ የተፈጠረ ነው። እያንዳንዱን ጉንጉን በከርቭ (በጠማማ መስመር) ዘርጉ፣ ውፍረት ስጡት፣ ወደ ሜሽ (በፖሊጎን ወደተሠራ ቅርጽ) ቀይሩና ግማሹ የራስ ቅሏ ውስጥ እስኪሰምጥ ድረስ አውርዱት። ከላይ የተቀመጠ ገመድ ከመሰለ ገና አልሰመጠም። ለጎፈሬ ደግሞ ጉብታውን ሙሉ አድርጉና ከላይ ጥቅጥቅ ያሉ ትንንሽ ጉድጓዶች ውጉበት፤ መጠናቸውን ግን አታመሳስሉ፣ አለበለዚያ የማር እንጀራ ትሠራላችሁ።

ዓይን ላይ ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው ባዶ መተው ነው። የጥንት ግሪኮች ሐውልቶቻቸውን ቀለም ይቀቡ ስለነበር ብሌኑ የሚሳለው በቀለም ነበር፤ ቀለሙ ሲረግፍ ባዶ ዓይን ቀረ፣ የኋላ ሰዎችም ባዶውን እንደ ወግ ወሰዱት። ሁለተኛው በሮም ከንጉሥ ሐድሪያን ዘመን (117–138) ጀምሮ የተለመደው ነው፤ ብሌኑን በመሰርሰሪያ መብሳት። ጉድጓዱ ጥላ ይይዛል፣ ጥላው ከሩቅ ጥቁር ብሌን ይመስላል። እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ፣ ባዶ ዓይን ኮምፒውተር ላይ ሥራው ያላለቀ ያስመስላልና።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የዓይን ኳሱን ከዓይን ቆቡ ጋር በሪሜሽ አንድ አድርጉ። የላይኛውን ቆብ በጣም ወፍራም አድርጉትና ጠርዙን በክሪዝ አሹሉት፤ ለጠፋው ሽፋሽፍት ምትክ የሚሆነው ከዚህ ጠርዝ የሚወድቀው ጥላ ነው። ከዚያ ድሮው (Draw) በሚባለው ብሩሽ ላይ ኮንትሮልን ተጭናችሁ የብሌኑን ዙሪያ በቀጭኑ ጫሩ፣ መሐሉን በጥልቀት ብሱ፤ ከላይ በኩል ግን ትንሽ ድንጋይ ሳይነካ ይቅር። ያቺ ቅሪት ብርሃን ስትይዝ ዓይኑ ላይ እንደምትታየው ነጸብራቅ ትሆናለች። ዳዊትም ዓይኖቹ እንዲህ ተቦርቡረው ነው እንደዚያ አፍጥጠው የሚያዩት። ሁለቱን ዓይኖች በሲሜትሪ አትሥሩ፤ እያንዳንዱን ለብቻው ሥሩ፣ አለበለዚያ ዝም ብላ ወደ ፊት የምትመለከት አሻንጉሊት ትሆናለች።

ቅንድብ ፀጉር አይኑረው፤ የአጥንቱን ጠርዝ ብቻ ከፍ አድርጉ።

ቆዳውን ማድረቅ

በስክሬፕ ብሩሽ ለስላሳውን ሥጋ ወደ ጠፍጣፋ ገጾች ቀይሩት፤ ጉንጭ፣ ግንባር፣ ትከሻ። በኃይል አይደለም፣ እንደ መላጨት ነው። ፊቷንና እጇን አለስልሱ፣ ልብሷ ላይ የመሮ ዱካ ይቅር፣ መሠረቱን ደግሞ ሻካራ ተዉት። ጠራቢ ጊዜውን የሚያጠፋው ሰው በሚያየው ቦታ ነው። ፍሎረንስ ያሉት ያላለቁት የሚካኤል አንጄሎ «እስረኞች» ላይ ባለ ጥርስ መሮ የተወው ትይዩ መስመር በግልጽ ይታያል፤ መስመሮቹ የአካሉን ቅርጽ ተከትለው ይዞራሉ። የናንተም ይዙሩ።

ስብራት መጨመር ከፈለጋችሁ የሚሰበረው ወጣ ያለ ነገር ነው፦ አፍንጫ፣ ጣት፣ የልብስ ጫፍ። አንድ ቦታ ይበቃል። ሁሉን ቦታ የቆረፈደች ሐውልት የጦርነት ፊልም ዕቃ ትመስላለች።

ማቴሪያል

የምትፈልጉትን ድንጋይ ወስኑ። እብነ በረድ ከሆነ ቀለሙ ፍጹም ነጭ አይሁን፤ 0.8 አካባቢ ይበቃል። ራፍነሱ (ሻካራነቱ) ለተወለወለ 0.3፣ ለሌላው ከ0.6 በላይ። ለጥቁር ድንጋይ ሰብሰርፌስ የሚባለውን ጨርሶ ዝጉት።

ለእብነ በረድ ግን ሰብሰርፌስ ያስፈልጋል፤ ብርሃን ጥቂት ሚሊ ሜትር ገብቶ ይወጣል። ወጥመዱ እዚህ ነው። ብሌንደር ከፋብሪካው ይዞት የሚመጣው ራዲየስ ለቀይ 1.0፣ ለአረንጓዴ 0.2፣ ለሰማያዊ 0.1 ነው፤ ቀዩ ብርሃን ከሌላው ርቆ ይገባል ማለት ነው፣ ይህም የሰው ሥጋ ባሕርይ ነው። ሁለተኛው ሐውልቴ ከኋላ መብራት ሲመታት ጆሮዋ ቀላ። ሁለት ቀን ሙሉ መብራቱን ስወቅስ ከረምኩ። ሦስቱን ቁጥሮች ተቀራራቢ አድርጓቸው፤ ስኬሉንም ዝቅ አድርጉት፣ አለበለዚያ ሻማ ነው የሚወጣው።

ሌላው የእናቴን «ዱቄት» ያመጣው ነገር ነው፤ የእብነ በረዱን ሥር (በድንጋዩ ውስጥ የሚሄደውን ባለ ቀለም መስመር) ከአካሉ ጋር መጠቅለል። እኔ ያለበስኩት ፎቶ በጉንጯ ዞሮ፣ በአንገቷ ተለጥጦ ይወርድ ነበር። የድንጋይ ሥር ግን ሰውየው ከመጥረቡ በፊት ድንጋዩ ውስጥ ነበረ፤ አፍንጫ ይሁን ክንድ ሳይል አቋርጦ ያልፋል። ስለዚህ ዩቪውን (ምስሉን በአካሉ ላይ የሚጠቀልለውን ካርታ) ተዉትና ቴክስቸር ኮኦርዲኔት ላይ ኦብጀክት የሚለውን ከኖይዝ ቴክስቸር ጋር አገናኙ፣ ዲስቶርሽኑን ጨምሩ፣ ከለር ራምፕ ላይ መሐሉን በቀጭኑ አጥቁሩ። ሥሩ ከግንባሯ ተነሥቶ ዓይኗን አቋርጦ ትከሻዋ ላይ ሲወጣ ካያችሁ ሠርቷል። ፊቷን የሚያበላሽ ከሆነ ቦታውን አንሸራቱት፤ እውነተኛ ጠራቢ ይህ ዕድል የለውም።

ከዚያ ጉድጓዱን ማጥቆር፣ ጠርዙን ማንጣት፤ ኮብልስቶኑ ላይ ያያችሁት ነው። የጂኦሜትሪ ኖድ ፖይንቲነስ የሚባል፣ ጠርዝና ጉድጓድን የሚለይ መውጫ አለው፣ በከለር ራምፕ አጥብቁት። የሚሠራው ሳይክልስ በሚባለው የብሌንደር ሬንደር ማድረጊያ ላይ ብቻ ነው፤ ፖሊጎኑ ጥቅጥቅ ካላለም ምንም አያሳይም። በጣም አትጫኑት። ደጅ የቆመ እብነ በረድ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፦ የትልቅ ከተማ ጭስ ባለበት፣ ዝናብ የሚያጥበው ቦታ ነጭ ሆኖ ሲቀር የተከለለው ቦታ ይጠቁራል። ስለዚህ ጥቁረቱን አገጯ ሥር፣ ብብቷ ውስጥና የልብሷ እጥፋት ሥር ስጡት፣ ትከሻዋን ንጹሕ ተዉት።

መብራትና ሬንደር

ሌላ ነገር ሳትነኩ መጀመሪያ አንድ መብራት ከጎንና ከላይ አድርጉ። ዙሪያውን የሚያበራ ኤችዲአርአይ ምስል ብቻ ከተጠቀማችሁ የመሮው ዱካ ሁሉ ይጠፋል። ካሜራውን ከደረቷ ዝቅ አድርጉ፣ ሐውልት ከፍ ብሎ ነውና የሚታየው፤ ሌንሱን 85 ሚሊ ሜትር አድርጉ። ዳራውን በጣም አታደብዝዙ፣ ትልቋ ሐውልት የጠረጴዛ ጌጥ ትሆንባችኋለች።

መጨረሻ ላይ ዲኖይዘሩን (ከሬንደሩ ላይ ነጠብጣብ የሚያጠፋውን) ተጠንቀቁት። በጥቂት ሳምፕል (ለእያንዳንዱ የምስሉ ነጥብ በሚሰላ የብርሃን ናሙና) ሬንደር አድርጋችሁ «እሱ ያጸዳዋል» ካላችሁ የድንጋዩን ቅንጣትም እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ይጠርገዋል፣ ፊቷም እንደገና ፕላስቲክ ይሆናል። እኔ ሳምፕሉን አበዛለሁ፤ ካልሆነም ዲኖይዝ የተደረገውንና ያልተደረገውን ሁለት ምስሎች ኮምፖዚተር (ምስሎች የሚዋሃዱበት የብሌንደር ክፍል) ላይ እኩል በእኩል አዋህዳለሁ። ትንሽ ጉርብጥብጥ ይቀራል። ይቅር፤ ፖስተር ላይ ሲታተም ድንጋይ ነው የሚመስለው።