የሚሞት ሕዋስ ሚቶኮንድሪያ ቮልቴጅ ስትለኩ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ ሳምፕሎቿን በበረዶ ሣጥን ይዛ መጣች። ላባችን ከቸርችል ጎዳና ብዙ አይርቅም፤ እሷ ግን ሜክሲኮ ላይ ትራፊክ አቁሟት አንድ ሰዓት አርፍዳለች። «መንገዱ እንደሚያቆየኝ ስለማውቅ ትናንት ማታ ቀለም ቀብቼ ፊክስ አድርጌያቸዋለሁ» አለችኝ። ፊክስ ማለት ሕዋሱን በፎርማሊን ገድሎ ባለበት ማቆየት ነው። ቀለሙ ደግሞ ቲኤምአርኢ ነው፤ የሕዋሱ ኃይል ማመንጫ የሆነው ሚቶኮንድሪያ ያለውን ቮልቴጅ በብርሃኑ ያሳያል። ሕዋሳቱን ሦስት ሳምንት አሳድጋቸዋለች። አንጀቴን በላችው።

ይህን ስህተት ስንት ጊዜ እንዳየሁት! የሚቶኮንድሪያ ውስጡ ከውጪው አንጻር ከ140 እስከ 180 ሚሊቮልት ያህል አሉታዊ ነው። ቲኤምአርኢ አዎንታዊ ቻርጅ ስላለው ወደዚያ ይሳባል። በየ60 ሚሊቮልቱ ክምችቱ ወደ 10 እጥፍ ያድጋል። ቀለሙን እዚያ የያዘው ይኸው ቮልቴጅ ብቻ ነው። ፎርማሊን ሕዋሱን ሲገድል ቮልቴጁ ይጠፋል፣ ቀለሙም ይፈሳል። ከዚያ በኋላ ጤነኛውና የሚሞተው አይለዩም። እባካችሁ፣ መለኪያ ማሽኑ ሩቅ ከሆነ ሕዋሱን በሕይወቱ አምጡት። ቀለሙን እዚሁ ቀቡት።

ከቀባችሁ በኋላም አጥባችሁ ባዶ ፈሳሽ ውስጥ አታቆዩት፤ ቀስ እያለ ይወጣል። እያያችሁ ሳለ ትንሽ ቀለም ፈሳሹ ውስጥ ይኑር።

ቀለም ማብዛትን እኔም ሠርቼዋለሁ። ምስሉ ደብዘዝ ስላለብኝ መጠኑን ጨመርኩ። መድኃኒቱን ሳፈስበት ብርሃኑ ከፍ አለ። ሚቶኮንድሪያው በረታ ብዬ ጻፍኩ። ለካ ቀለሙ ሲታጨቅ እርስ በርሱ ብርሃኑን ያዳፍናል፤ ቮልቴጁ ሲወድቅ ይወጣና ይበራል። የጻፍኩት የእውነቱ ተቃራኒ ነበር። ሁለት ወር ሄደብኝ። ከ20 ናኖሞላር አካባቢ ጀምሩ።

ኤፍሲሲፒ የሚባለው ኬሚካል የተጨመረበት ሳምፕል ከጎኑ ከሌለ ውጤቱን አልቀበልም። እሱ ቮልቴጁን ያፈርሳል። ብርሃኑ በኤፍሲሲፒ ካልወረደ፣ የለካችሁት ነገር ቮልቴጅ አይደለም። የሕዋሱ ማሳደጊያ ፈሳሽ ውስጥ ያለው ሴረም ኤፍሲሲፒን ስለሚይዘው መጠኑን በራሳችሁ ሕዋስ ላይ ሞክራችሁ ወስኑ።

የሞቱትን በሌላ ቀለም ለይታችሁ አውጡ።

ጄሲ-1 የምትወዱ ሰዎች፣ ይህ ሌላው የቮልቴጅ ቀለም በጤነኛ ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ተጠራቅሞ ቀይ ያበራል፤ ግን ውኃ ውስጥም ቶሎ ይረጋል። በማይክሮስኮፕ ከሕዋሱ ውጪ ቀያይ ቅንጣቶች ካያችሁ፣ ያ ቀይ ከሚቶኮንድሪያ አልመጣም። ቀይ ብርሃን ስላያችሁ ብቻ ሕዋሱ ጤነኛ ነው አትበሉ።

ብርሃኑንም አትርሱ። አንድ ልጅ የማይክሮስኮፑን መብራት ሕዋሱ ላይ ለቆ ቡና ሊጠጣ ወጣ። ሲመለስ ቮልቴጁ ወድቋል፤ መድኃኒቱ ሠራ ብሎ በደስታ ጠራኝ። ብርሃን ያረፈበት ቀለም ራሱ ሚቶኮንድሪያውን ይጎዳል። ወዲያው ሳህኑን ገፋ አድርገን ብርሃን ያልነካው ጥግ አየን፤ ሕዋሳቱ ደህና ነበሩ።

ተማሪዋ ሰኞ ጠዋት ሕዋሳቱን በሕይወት ይዛ ትመጣለች። ማሽኑን ከ2 ሰዓት ጀምሮ አስይዤላታለሁ።