በሌጎ የፕላስቲክ ጡቦች የዲሲ-3 አውሮፕላን ሞዴል እንዴት እንደሚሠራ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ሲ-47 በተባለ አውሮፕላን ሲሆን፣ ይህም የዲሲ-3 ወታደራዊ ዓይነት ነው። በፕላስቲክ ጡብ አውሮፕላን መሥራት ለሚፈልግ ጀማሪ ከዚህ የተሻለ ሞዴል አላውቅም፤ አካሉ ወፍራም፣ ክንፉ ከሥር የተነጠፈ፣ ሞተሮቹም ሁለት ብቻ ስለሆኑ አራት ማዕዘን በሆኑ ጡቦች እንኳ ቅርጹ ወዲያው ይታወቃል። ይህን ሞዴል ከእህቴ ልጅ ጋር ሦስት ጊዜ ሠርተን ሁለት ጊዜ አፍርሰነዋል፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ከሦስተኛው የተማርኩትን ነው።

በመጀመሪያ ልኩን ይወስኑ። በጡቡ ላይ ያሉት ክብ ጉጦች ከመካከል እስከ መካከል 8 ሚሊሜትር ይራራቃሉ። የእውነተኛው ዲሲ-3 ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር ያህል ነው፤ እኔ 48 ጉጥ፣ ማለትም 38.4 ሳንቲሜትር አድርጌዋለሁ። ይህም አንድ ለ75 የሚጠጋ ልኬት ሲሆን፣ 19.7 ሜትር የሆነው ርዝመቱ በዚሁ ሒሳብ 33 ጉጥ ይሆናል፤ ለአካሉ ስፋት 4 ጉጥ ይበቃል።

ከላይ የሚታየውን ቅርጽ ባለ ካሬ መስመር ደብተር ላይ መንደፍ ቀላል ነው፤ አንድ ካሬ አንድ ጉጥ ነው። ከጎን የሚታየውን ሲነድፉ ግን ይጠንቀቁ፤ የጡብ ቁመት 9.6 ሚሊሜትር እንጂ 8 አይደለም። አምስት ጡብ ሲደራረብ ከስድስት ጉጥ ርዝመት ጋር እኩል ይሆናል። ይህን ሳላውቅ አንዱን ካሬ እንደ አንድ ጡብ ቁመት ቆጥሬ የመጀመሪያው ጭራ ከሚገባው በላይ ረዝሞ ወጣ። ስስ ሰሌዳዎቹ 3.2 ሚሊሜትር ስለሆኑ ሦስቱ አንድ ጡብ ያህላሉ፤ የጎኑን ንድፍ በሰሌዳ መቁጠር ከስህተት ያድናል።

ጡቦቹን በቀለም ሳይሆን በቅርጽ ይለዩ። ከተቀላቀለ ክምር ውስጥ ቀይ ቀለም ለዓይን ወዲያው ይታያል፤ ባለ 1 ጉጥ ስፋት ሰሌዳ ግን ሁሉም ቀይ ከሆነ ክምር ውስጥ አይገኝም።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ፣ ወደ ክንፉ እንግባ። ብዙ ሰው አካሉን ጨርሶ ክንፎቹን ከግራና ከቀኝ ይለጥፋል፤ እኔም በመጀመሪያ ያደረግኩት ይህንኑ ነበር። ልጁ አውሮፕላኑን በአንድ ክንፉ ሲያነሣው ክንፉ በእጁ ቀርቶ አካሉ ወለል ላይ ተበተነ። ከዚያም የባሰውን ስህተት ሠራሁ፤ ክንፉን በፈጣን ማጣበቂያ አጣበቅኩት። በማግሥቱ በመገጣጠሚያው ዙሪያ ያሉት ሰማያዊ ጡቦች አመድ የተነፋባቸው ይመስል ነጥተው አገኘናቸው። የማጣበቂያው ትነት ፕላስቲኩ ላይ ተቀምጦ ነጭ ጉም ይጥላል፤ ብናጥበውም ብንፈትገውም አልለቀቀም። ጡቦቹም እንደ ተጣበቁ ቀሩ። ስለዚህ በምንም ምክንያት ማጣበቂያ አይጠቀሙ፤ አጥብቆ መያዝ ያለበት አደራደሩ ነው።

መፍትሔውን ያገኘሁት ከእውነተኛው አውሮፕላን ነው። የዲሲ-3 የክንፍ መካከለኛ ክፍል ከአካሉ ሥር አልፎ ከእርሱ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ነው። በሞዴላችንም ሥራው የሚጀመረው ከአካሉ ሳይሆን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ ከሚዘረጋ፣ 4 ጉጥ ስፋት ካለው ወጋግራ ነው። ወጋግራው በሦስት የሰሌዳ ንብርብር ይሠራል፤ ደንቡም ግንበኛ ብሎኬት ሲደረድር እንደሚያደርገው አንዱ መገጣጠሚያ በሌላው መገጣጠሚያ ላይ እንዳይውል ማድረግ ነው።

ለታችኛው ንብርብር 2 በ16 የሆኑ ሰሌዳዎችን ሦስት ሦስት አድርገው በሁለት ረድፍ ይደርድሩ፤ መገጣጠሚያዎቹ 16ኛውና 32ኛው ጉጥ ላይ ይውላሉ። ለመካከለኛው መሃሉን ባለ 8፣ ባለ 16፣ ባለ 16 እና ባለ 8 ሰሌዳ ያድርጉ። ይህ ረድፍ ወደ ጎን አንድ ጉጥ ተዛውሮ የታችኞቹን ሁለት ረድፎች መንከስ አለበት፤ ግራና ቀኝ የሚተርፈውን ጠርዝ ባለ 1 ጉጥ ሰሌዳዎች ይሞሉታል። ይህን መዛወር ከዘለሉት ወጋግራው በርዝመቱ ለሁለት ይሰነጠቃል። ላይኛው ንብርብር እንደገና ሁለት ረድፍ ሆኖ 4፣ 16፣ 8፣ 16፣ 4 ይሁን። በዚህ አደራደር የሁለት ንብርብር መገጣጠሚያ አንድ ቦታ ላይ አይገናኝም፤ የላይኛው ባለ 8 ሰሌዳም አካሉ የሚያርፍበት መሃል ላይ በትክክል ይውላል።

ንብርብሮቹን በእጅ ይዘው ሳይሆን ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አድርገው ከመሃል ወደ ጫፍ በአውራ ጣት ይጫኑ። ከዚያ ዓይንዎን ከጠረጴዛው እኩል አውርደው ጠርዙን ይመልከቱ። በሰሌዳዎቹ መካከል የፀጉር ያህል ክፍተት ከታየ አንድ ጉጥ አልገባም ማለት ነው፤ ያ ክፍተት ጫፉ ላይ ሲደርስ ክንፉን ያጎብጠዋል። አንዳንድ ርካሽ ስብስቦች አጥብቀው ስለማይነክሱ ለወጋግራው የተሻሉትን ጡቦች መርጠው ያስቀምጡ። የተጣበቁ ሁለት ሰሌዳዎችን ለመለየት ጥርስና ቢላዋ አያስፈልግም፤ አንድ ጡብ ከላይ፣ አንድ ከታች ገጥመው እንደ እጀታ ወዲያና ወዲህ ቢያወዛውዟቸው ይላቀቃሉ።

የክንፉን ፊትና ኋላ ሞልተው ሥሩን 8 ጉጥ ያድርሱት። የፊተኛው ጠርዝ ከሞተሮቹ ወዲያ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ ሹል ሰሌዳዎች ያስፈልጋሉ፤ እነዚህ የግራና የቀኝ ስለሆኑ ከመጀመርዎ በፊት ጥንድ መሆናቸውን ይቁጠሩ። በእውነተኛው አውሮፕላን የክንፉ ውጫዊ ክፍል ወደ ላይ ቀና ይላል፤ እኔ ግን ለማጠፊያ ሲባል ወጋግራውን መቁረጥ አልወደድኩም፤ ቀጥ ብሎ ቢቀር ይሻላል።

አካሉን በወጋግራው ላይ ይገንቡ፤ የክንፉ ፊት ከአፍንጫው 8 ጉጥ ያህል ወደ ኋላ ይሁን። ግድግዳው አንድ ጉጥ ውፍረት ይበቃዋል፤ ውስጡን መሙላት ክብደት ብቻ ይጨምራል። ወደ ጭራው ሲቃረቡ ከሥር በተገለበጡ ተዳፋት ጡቦች እያጠበቡ ይውጡ። የጭራው አግድም ክንፍም እንደ ትልቁ በአንድ ሰሌዳ አካሉን አቋርጦ ማለፍ አለበት።

ሞተሮቹ ከክብ ጡቦች ይሠራሉ፤ ባለ ሦስት ምላጭ ፕሮፔለር ፊታቸው ላይ ይገጠማል።

የጎማዎቹን ቦታ በግምት አይወስኑ። ዲሲ-3 መሬት ላይ የሚቆመው አፍንጫውን ቀና አድርጎ በጭራ ጎማው ላይ ተደግፎ ነው፤ ስለዚህ ትልልቆቹ ጎማዎች የክብደቱ ሚዛን ካለበት ፊት መዋል አለባቸው። ሞዴሉን ከክንፎቹ ሥር በሁለት ጣት ጫፍ ያንሡትና ወደ ፊትም ወደ ኋላም የማያዘነብልበትን ነጥብ ይፈልጉ፤ ጎማዎቹን ከዚያ ሁለት ጉጥ ወደ ፊት፣ በሞተሮቹ ሥር ይትከሉ። ወደ ኋላ ከዋሉ አውሮፕላኑ በአፍንጫው ይደፋል።

በመጨረሻም በሁለቱ የክንፍ ጫፎች ይዘው ቀስ ብለው ያንሡትና እስከ አሥር ይቁጠሩ። ከአንድ ቦታ የመላቀቅ ድምፅ ከተሰማ ሁሉንም አያፍርሱ፤ በዚያ በኩል ያለውን የላይኛውን ንብርብር ብቻ አንሥተው አጭሩን ሰሌዳ በረጅም ይተኩና እንደገና ጠረጴዛው ላይ ይጫኑት።