ለመጀመሪያ ጊዜ ፓወርሊፍቲንግ ለምትወዳደሩ፦ ከባሕር ዳር ሰፈር ጂም እስከ መድረክ

ፓወርሊፍቲንግ ስኳት (ብረቱን ትከሻ ላይ ተሸክሞ ወርዶ መነሳት)፣ ቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ ከደረት መግፋት) እና ዴድሊፍት (ከመሬት አንስቶ መቆም) ነው። ለእያንዳንዱ ሦስት ሙከራ አለ፤ ከየአንዱ የተሳካው ትልቁ ተደምሮ ውጤት ይሆናል። በአንዱ ሦስቱም ከወደቁ ድምር የሚባል ነገር የለም። ጀማሪ ባዶ እጁን የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ ጉልበት አንሶት አይደለም። ወይ ከፍ አድርጎ ጀምሯል፣ ወይ ዳኛውን አልጠበቀም።

መጀመሪያ ብረቱን መዝኑ

በየሰፈሩ ጂም በሲሚንቶ የተሞላ ቆርቆሮ እና ብየዳ ቤት የተቆረጠ ፕሌት (ዘንጉ ላይ የሚገባው ክብ ብረት) ብርቅ አይደለም። ጡንቻ ለመገንባት ይበቃል፤ ለውድድር ቁጥር መምረጫ ግን አይሆንም። በቀለም 20 ተብሎ የተጻፈበት ፕሌት 17 ወይም 22 ኪሎ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ወፍጮ ቤት ወይም እህል ነጋዴ ዘንድ ወስዳችሁ አንድ በአንድ መዝኑና እውነተኛውን ኪሎ ጻፉበት። ዘንጉንም አትርሱ፤ የውድድር ዘንግ 20 ኪሎ ነው፣ ከውሃ ቧንቧ የተሠራው ግን ከዚያ በጣም ሊቀል ይችላል።

ሌላው የሚረሳው ፕሌቱ እንዳይወጣ የሚይዘው መቆለፊያ ነው። የውድድር መቆለፊያ እያንዳንዱ 2.5 ኪሎ ስለሆነ ምንም ፕሌት ሳይገባ 25 ኪሎ ተይዟል። 127.5 ኪሎ ስትጠሩ በየጎኑ ሁለት ባለ 25 እና አንድ ባለ 1.25 ይገባል። ይህን ሒሳብ ቀድማችሁ ልመዱት፤ ማሟሟቂያ ቦታ ላይ የሚሠራላችሁ ሰው ላይኖር ይችላል።

ስምንት ሳምንት

መሠረት ላለው ሰው ስምንት ሳምንት ይበቃል። የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት ከምትችሉት ትልቁ 75 በመቶ አካባቢ፣ አምስት አምስት ጊዜ፣ አራት ዙር። ቀጣዮቹን ሁለት ከ82 እስከ 87 በመቶ ባለው፣ ሦስት ሦስት ጊዜ። ሰባተኛው ላይ በሙሉ የዳኛ ትእዛዝ የመጀመሪያ ሙከራችሁን ኪሎ አንድ ጊዜ አንሱ። የመጨረሻው ከባድ ዴድሊፍት ከውድድሩ 10 ቀን ቀድሞ ይሁን፣ ስኳት አንድ ሳምንት፣ ቤንች አምስት ቀን። ከዚያ ውጭ ስምንተኛው ሳምንት ለዕረፍት ነው። በዚያ ሳምንት «አቅሜን ልፈትሽ» የሚል ሰው ውድድሩን ጂም ውስጥ ጨርሶ ይመጣል።

ትእዛዙ

በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን (IPF) ሕግ ትእዛዙ በእንግሊዝኛ ነው፤ ጓደኛችሁ ልክ እንደዚያው ይጩህባችሁ። ስኳት ላይ ብረቱን አውጥታችሁ ጉልበት ቀጥ አድርጋችሁ ስትቆሙ ዋናው ዳኛ «ስኳት» ይላል። ወርዳችሁ፣ ተነስታችሁ፣ ጉልበት ቆልፋችሁ ቁሙ፤ «ራክ» ሳይባል አንድ እርምጃ ወደ ፊት ከሄዳችሁ ቀይ መብራት ነው፣ ሙከራው ወደቀ። ቤንች ሦስት ትእዛዝ አለው። «ስታርት» ሲባል ታወርዳላችሁ፣ ብረቱ ደረት ላይ ጸጥ ሲል «ፕሬስ»፣ ክንድ ሲቆለፍ «ራክ»። ጂም ውስጥ ደረት ላይ አንጥሮ መግፋት የለመደ ሰው እዚህ ይያዛል፤ ብረቱ ቆሞ ሲገፋ ከለመደው ላይ በርካታ ኪሎ ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ካሁኑ ብረቱን ደረት ላይ አቁማችሁ ግፉ፤ ቁጥራችሁንም በቆመው ያዙ። ዴድሊፍት መጀመሪያ ትእዛዝ የለውም፤ መጨረሻ ላይ «ዳውን» ብቻ።

ሦስት ዳኞች አሉ፣ ሁለት ነጭ መብራት ያሳልፋል። ስኳትን በብዛት የሚጥለው ጥልቀት ነው፤ የዳሌ መታጠፊያው ላይኛ ገጽ ከጉልበት አናት በታች መውረድ አለበት። የጂም መስታወት ፊት ለፊት ስለሆነ ይህን አያሳይም። ስልካችሁን በጎን፣ በዳሌ ቁመት አስቀምጡና ቅረጹ። ካጠራጠራችሁ አልወረዳችሁም ማለት ነው። ቤንች ላይ መቀመጫ ከአግዳሚው ወይም እግር ከመሬት ከተነሳ ይወድቃል። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ክርን ቢያንስ እስከ ትከሻ መገጣጠሚያ ላይኛ ገጽ ድረስ መውረድ ስላለበት፣ ወገባቸውን በጣም ለሚቀስቱ ሰዎች ነገሩ ጠበብ ብሏል።

ቁጥር አመራረጥ

የመጀመሪያው ሙከራ እንቅልፍ ባጣችሁበት፣ ሆድ በታወከበት ቀን እንኳ ሦስት ጊዜ የምታነሱት ኪሎ ይሁን፤ ከትልቁ 90 በመቶ ገደማ። ስኳታችሁ 140 ከሆነ በ127.5 ጀምሩ፣ ሁለተኛው 135፣ ሦስተኛው እንደ ቀኑ 140 ወይም 142.5። አንዴ የተጠራ ኪሎ በቀጣዩ ሙከራ አይቀንስም፤ ከወደቃችሁ እዚያው ኪሎ ላይ ናችሁ። ቀጣዩን ቁጥር ለማስመዝገብ ያላችሁ አንድ ደቂቃ ብቻ ነው፤ ካለፈ ለተሳካለት 2.5 ኪሎ ይጨመራል፣ ላልተሳካለት ያው ይደገማል። ስለዚህ ወረቀት ይዞ ወደ ጠረጴዛው የሚሮጥ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። በጣም ጠንካራው ጓደኛችሁ መሆን የለበትም፤ የማይደነግጠውን ምረጡ።

ኪሎ፣ ምግብ እና ሙቀት

ለመጀመሪያ ውድድር ኪሎ አትቀንሱ። የወንዶች ምድብ 59፣ 66፣ 74፣ 83፣ 93፣ 105፣ 120 እና ከዚያ በላይ ነው፤ የሴቶች ደግሞ 47፣ 52፣ 57፣ 63፣ 69፣ 76፣ 84 እና ከዚያ በላይ። ዛሬ በምትመዝኑበት ግቡ። በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐይ ላስቲክ ለብሶ ጣና ዳር መሮጥ ኪሎውን ከሚዛኑ ላይ ያወርደዋል፤ ጉልበቱንም አብሮ። ሚዛኑ የሚከፈተው ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ሰዓት ሲቀር ስለሆነ የወጣውን ውሃ ለመመለስ ጊዜ የለም።

የጠዋቱ 3 ሰዓት ውድድር ከሆነ ሚዛኑ 1 ሰዓት ላይ ነው። ከሚዛን እንደወረዳችሁ የፎገራ ሩዝ ወይም ዳቦ በማር፣ ሙዝ፣ ትንሽ ጨው ያለበት ውሃ። ሽሮና ምስር የጾም ወቅት ልምምድን በደንብ ይሸከማሉ፤ በዕለቱ ግን ቀበቶ ሲጠብቅ የሚነፋ ሆድ ጠላት ነው። በርበሬ የበዛበት ወጥ ስኳት ላይ ወደ ጉሮሮ ይመለሳል። የተጠበሰውን የቆሮሶ ዓሣ ለማታ አቆዩት።

ዕቃ

ቀበቶ ስፋቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ከ13 ሚሊ ሜትር አይለፍ። ሲንግሌት (ገላ ላይ የሚጣበቅ አንድ ወጥ የስፖርት ልብስ) እና እጅጌ ያለው ተራ ቲሸርት ያስፈልጋል። ለዴድሊፍት እስከ ጉልበት ሥር የሚደርስ ካልሲ ግዴታ ነው፤ የኳስ ካልሲ ይበቃል። ጫማ ሶሉ ስስና ጠንካራ የሆነ ሸራ ይሁን፤ የሩጫ ጫማ ከሥር ስለሚሰምጥ ሚዛን ያሳጣል። እጅን ከዘንጉ ጋር የሚያስር ገመድ ክልክል ነው። እጅ የሚያደርቀው ማግኒዥየም ካርቦኔት ነው፤ የትምህርት ቤት ጠመኔ ላብን በወጉ ስለማይመጥ ብረቱ ያዳልጣል። በክረምት አየሩ እርጥብ ሲሆን ማግኒዥየሙም ይቦካል፤ እጃችሁን በፎጣ አድርቃችሁ በስሱ ቀቡ። አዘጋጁ የትኛውን ሕግ እንደሚከተል ግን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ በከተማ ውድድር አንዳንዱ ይላላል።

በዕለቱ

ሚዛን ላይ ሳላችሁ የስኳትና የቤንች ማስቀመጫችሁን ቁመት አስመዝግቡ። ለ127.5 ማሟሟቂያው እንዲህ ይሁን፦ ባዶ ዘንግ 8 ጊዜ፣ 60 አምስት፣ 80 ሦስት፣ 100 አንድ፣ 115 አንድ። የመጨረሻው መድረክ ከመውጣታችሁ 10 ደቂቃ ገደማ ቀድሞ ይለቅ። አስር ሰው ባለበት ምድብ አንድ ዙር 10 ደቂቃ አካባቢ ስለሚወስድ ከዚያ ቆጥሩ። ስማችሁ ተጠርቶ ብረቱ ዝግጁ ከተባለ አንድ ደቂቃ አላችሁ፤ አትሩጡ።

ዴድሊፍት ላይ ብዙ ሰው የሚሸነፈው ካነሳ በኋላ ነው። ጭን ላይ እያስደገፉ ማስነሳት ያስወድቃል፣ ትከሻ ወደ ኋላ ሳይሄድ መቆም ያስወድቃል። ከሁሉ የሚያናድደው ግን ብረቱን ከላይ መልቀቅ ነው፤ «ዳውን» ከተባለም በኋላ እጃችሁ እስከ መሬት ድረስ ብረቱን ይዞ መውረድ አለበት። ተፎካካሪ ከፊት ካለ የሦስተኛውን ዴድሊፍት ቁጥር ስማችሁ ከመጠራቱ በፊት ሁለት ጊዜ መቀየር ይፈቀዳል፤ ወረቀት የሚይዘው ጓደኛችሁ እዚህ ላይ ነው የሚፈለገው።