የ«አግሪ» ተቃራኒ ሲያምታታችሁ

ሐዋሳ ሆናችሁ ለእንግሊዝኛ ፈተና የምትዘጋጁ፣ ይቺን ያዙልኝ። የ«አግሪ» (agree) ተቃራኒ ሲጠየቅ «ዲሳግሪ» ለማለት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ አስቡት። «እሺ አለ» ካስኬደ ተቃራኒው እምቢ አለ፣ ማለትም «ሪፊዩዝ» ነው። «ሐሳባቸው አንድ ነው» ካስኬደ ግን «ዲሳግሪ» ነው።

ጓደኛችሁን «አሞራ ገደል ሄደን ዓሣ እንብላ» አላችሁት እንበል። እሺ ካለ «አግሪድ ቱ ጎ»፣ እምቢ ካለ «ሪፊዩዝድ ቱ ጎ» ነው። «ዲሳግሪድ ቱ ጎ» አይባልም። «የአሞራ ገደል ዓሣ ይጣፍጣል» ስትሉት ካልተስማማ ግን «ዲሳግሪድ» ልክ ነው (እንዲህ ዓይነት ሰው ሐዋሳ ውስጥ ከተገኘ)።

ዘዴው የሚሠራው «አግሪ» ሁለት ትርጉም ስላለው ነው፤ አንዱ ፈቃደኛ መሆን፣ ሌላው አንድ ዓይነት አስተያየት መያዝ። ተመሳሳዮቹም በዚሁ ይለያያሉ። «ኮንሴንት» ወደ ፈቃዱ፣ «ኮንከር» ወደ አስተያየቱ ያደላል። «አክሴፕት» ግብዣ ወይም ሐሳብ ለመቀበል ነው፤ ከኋላው «ቱ ጎ» አታስከትሉበት።

ባለቤትና ግስ በቁጥር ይስማሙ በሚባልበት የሰዋስው ጥያቄ ላይ ግን አትሞክሩት። እዚያ እሺም እምቢም የለም።