ወገብና ጉልበት ሲያም ጨው ባሕር መግባት፦ ምን ይጠቅማል፣ እንዴት ይገባል

በእስራኤልና በዮርዳኖስ መካከል ያለው ጨው ባሕር (ሙት ባሕር የሚባለው) ገብቶ የወጣ ሰው «ወገቤ ቀለለኝ» ቢል እውነቱን ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ምክንያቱ ላይ ነው። ጨው ሕመምን ከሰውነት ስቦ አያወጣም፤ የውሃው ማግኒዥየምም ቆዳን አልፎ ጡንቻን የሚያድን ያህል አይሰርግም። እፎይታው የሚመጣው ከመንሳፈፍና ከሙቀት ነው። ከውሃው 34 በመቶ ገደማው ጨው ነው፤ ከተራ ባሕር አሥር እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ስለዚህ አንድ ሊትሩ 1.24 ኪሎ ያህል ይመዝናል፣ ሰውንም ያለ ዋና ያንሳፍፋል። ቀኑን ሙሉ ሸክም የቻሉ ጉልበትና ወገብ ለአፍታ ሸክም ይራገፍላቸዋል። ሙቀቱ ደግሞ የተኮማተረውን ጡንቻ ያላላል።

ውሃው በአካባቢው የሙቀት ወራት (ከሰኔ እስከ መስከረም) ከ30 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። በብርድ ወራት (ከታኅሣሥ እስከ የካቲት) ግን ወደ 20 ዲግሪ ገደማ ስለሚወርድ፣ ለቁርጥማት ብለው ከገቡ ጡንቻው ይባስ ይጨመደዳል። ያን ጊዜ የሚሻለው በእስራኤል በኩል ባለው ዳርቻ በዔን ቦቄቅ ባሉት ሆቴሎች ውስጥ የሚሞቀው የባሕሩ ውሃ ገንዳ ነው።

ከመሄድዎ አንድ ወይም ሁለት ቀን አስቀድሞ መላጨት ይተዉ። በዓይን የማይታይ ጭረት እንኳ እንደ በርበሬ ያቃጥላል። የብር ጌጥ ይጠቁራልና ቤት ይቅር። የጨው ድንጋዩ እግር ስለሚቆርጥ የውሃ ጫማ ያድርጉ። የነፍስ አድን ጠባቂ ካለበት ዳርቻ ውጭ አይግቡ፤ በዓይንጋዲ በኩል መሬቱ በድንገት እየሰረገደ ጉድጓድ ስለሚሆን አጥር አልፎ መውረድ አደገኛ ነው።

አገባቡ እንዲህ ነው። ውሃው ጉልበትዎን እስኪያልፍ ቀስ ብለው ይራመዱ። ከዚያ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ሰው ወደ ኋላ ይቀመጡ፤ እግርዎ በራሱ ይነሣል። በጀርባዎ ይንሳፈፉ፣ አንገትዎን አይወጥሩ። ለመነሣት ጉልበትዎን ወደ ደረት ይሰብስቡ፣ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ ከዚያ እግርዎን ወደ ታች ይጫኑ።

በደረት መዋኘት ፈጽሞ አይሞከርም። ውሃው እግርን ወደ ላይ ስለሚገፋ ፊት ወደ ታች ይደፋል፣ መገልበጥም ያቅታል። እዚያ ሰው የሚሰጥመው በአብዛኛው እንዲህ ነው፤ ጥልቀቱ ወገብ ባይደርስም። ውሃው ከተዋጠ ወይም ሳንባ ከገባ የደምን ማዕድናት ስለሚያዛባ፣ ሰውዬው ደህና ነኝ ቢልም ወደ ሐኪም ይወሰዳል። ዓይን ውስጥ ከገባ አይሹት፤ ንጹሕ ውሃ ያፍስሱበት። ለዚህም አንድ ጠርሙስ ውሃ ዳርቻው ላይ የያዘ ሰው ይኑር።

ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በላይ መቆየት ጥቅሙን አይጨምርም፤ ቆዳን ያደርቃል፣ ድካም ያመጣል። ሲወጡ ድንገት አይነሡ፣ ራስ ሊያዞር ይችላል። በንጹሕ ውሃ ታጥበው፣ ውሃ ጠጥተው ጥላ ሥር ይረፉ። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸውና ነፍሰ ጡሮች አስቀድመው ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ባሕሩ ለራቀበት ሰው ሳፋም ያገለግላል፣ ለእግር ብቻ ቢሆንም። አራት ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሁለት የቡና ሲኒ ያህል ሻካራ ጨው ያሟሙ። ሙቀቱን በክርን ይፈትኑ፤ ክርን ካልቻለው እግርም አይችለውም። 15 ደቂቃ ነክረው፣ አለቅልቀው፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር ያድርቁና ቅባት ይቀቡ። ጨው ባይኖር ሙቅ ውሃው ብቻውን አብዛኛውን ሥራ ይሠራል፤ ውድ የማግኒዥየም ጨው መግዛት ግዴታ አይደለም።

ወለምታ ከሆነ ግን በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ሙቅ ውሃ እብጠቱን ያብሳል፤ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ይያዝበት። ስኳር ሕመምተኛ እግሩን ባይነክር ይሻላል፤ የማይሰማው እግር ሳያውቀው ይቃጠላል። የወገብ ሕመም ከትኩሳት፣ ከእግር መደንዘዝ ወይም ከሽንት መያዝ ጋር ከመጣ ደግሞ ወደ ባሕሩም ወደ ሳፋውም ሳይሆን በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ነው።