ደብረ ማርቆስ ላይ የሩጫ ቡድን ለማቋቋም

ሯጭ አትፈልጉ፤ ጎረቤት ፈልጉ። እኛ የጀመርነው አንድ ልብስ ሰፊ፣ ጥቂት መምህራንና አንድ ጡረተኛ አባት ሆነን ነው። ቀንና ሰዓት ቁረጡ፤ መነሻውንም አታቀያይሩ። ጎሕ ሳይቀድ ግን አትውጡ፤ ጅቡ ገና አልገባም።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ስለምትል አየሩ ስስ ነው። ለጀማሪ 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቁ 20 ደቂቃ መሙላት ይበቃል። መለኪያው ወሬ ነው፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። ፍጥነቱን የሚወስነው የመጨረሻው ሰው ነው፤ ጉልበተኛው ዞሮ ይመለስና ይቀላቀለው። በዚህ ላይ ድርድር አላውቅም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ ወይም 75 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ ይመክራል። ልብ ይበረታል፣ የደም ግፊት ይረግባል፣ እንቅልፍም ይሰምራል። እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን ጨዋታው ነው። ፊት ለፊት ተቀምጦ «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ የሚዘጋ ሰው፣ ጎን ለጎን ሲሮጥ ዓይን ስለማያየው የሆዱን ይናገራል። ለመምከር አትቸኩሉ፤ አዳምጡ። ጭንቀቱ ለሳምንታት ከዘለቀ ሩጫ ሕክምናን አይተካምና ወደ ሐኪም ሸኙት።

በክረምት ጭቃው ጫማ ስለሚነቅል አስፋልቱን ያዙ፤ መኪናው ፊት ለፊት እንዲታያችሁ በግራ ጠርዝ ሩጡ። በጾም ወቅት ርቀቱን አሳጥሩ። ሳይናገር የቀረ ሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ ቡናውን ያፈላል፤ ቆሎውም ከእርሱ ነው።