ኩባያ ለይታችሁ መስኮት አትዝጉ

ቲቢ ክሊኒክ ስሰራ ቆይቻለሁ፣ ጎንደር ውስጥ ማራኪም አዘዞም የማላውቀው መንደር ጥቂት ነው፣ ግን ባለፈው ሳምንት አንድ ቤት ያየሁት እንቅልፍ ነስቶኛል። እናትየው ቲቢ የያዘው ልጃቸው የሚጠጣበትን ኩባያ ሌላ ማንም እንዳይጠጣበት ጆሮው ላይ ቀይ ክር አስረውበታል። ሳህኑም ማንኪያውም ለብቻ ነው፣ በፈላ ውሃ ነው የሚያጥቡት። ልጁ የተኛው ግን ጓዳ ነው፣ ያለችው አንድ መስኮት ብርድ እንዳታስገባ በጨርቅ ተወትፋለች፣ ሁለቱ እህቶቹ ደግሞ እዛው እግሩ ስር ፍራሽ አንጥፈው ያድራሉ።

ስንት ጊዜ እንናገር! ቲቢ በኩባያ አይተላለፍም፣ በሳህንም በመጨባበጥም አይተላለፍም። በሽተኛው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲያወራም ጭምር ከሳንባው የሚወጣው ብናኝ በተዘጋ ቤት ለሰአታት አየር ላይ ይቆያል፣ እሱን የሳበ ነው የሚያዘው። መስኮት ሲከፈት ያ አየር ተጠርጎ ይወጣል። "ሲስተር ንፋስ ይመታዋል እኮ" አሉኝ። እማማ ጋቢ ይደርቡለት፣ መስኮቱን ግን ይክፈቱ አልኳቸው። ሚኒባስ ላይም ያው ነው፣ ከአዘዞ ፒያሳ እስክንደርስ ሰው እያሳለ መስኮት ልክፈት ያለ እንደ ጠላት ይታያል።

ትንሿ እህቱ ስታስል ሰማሁና ስንት ጊዜሽ ነው ስላት ወር አለፈኝ አለች። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል አክታ መመርመር አለበት፣ ብርድ ነው ተብሎ አይታለፍም። ውጤቷ ትናንት መጣ፣ ይዟታል።

መድሃኒት ማቋረጥ ደግሞ አለ። ህክምናው አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ነው፣ በ2 ወሩ ሳሉ ሲቆም ዳንኩ ብለው ይተዉታል፣ ጀርሙ ግን ገና አልሞተም፣ መድሃኒት ለምዶ ይመለሳል።

በሽታን በግምት ማለፍን ግን እኔም አጥፍቻለሁ። ስራ በጀመርኩ በሁለተኛ አመቴ ከመተማ ሰሊጥ አጨዳ የተመለሰ ልጅ ትኩሳት ይዞት መጣ፣ ደሙ ወባ የለበትም እያለኝ ከቆላ ስለመጣ ብቻ ወባ ነው ብዬ ሸኘሁት። ከሶስት ሳምንት በኋላ ተደግፎ መጣ፣ ጣፊያው እስከ እምብርቱ አብጦ፣ ሰውነቱ አልቆ። ካላዛር የሚባለው በሽታ ነበር። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት፣ ከትንኝ የምታንስ፣ ማታ ማታ የምትነክስ፣ በተሰነጠቀ ጥቁር አፈርና በግራር ዛፍ አካባቢ የምትገኝ፣ ልጆቹ ደግሞ ደክሟቸው እዛው ሜዳ ላይ ነው የሚተኙት። 17 ቀን ተወግቶ ዳነ፣ ባይታከም ኖሮ ይሞት ነበር። ከመተማ ወይ ከሁመራ የመጣ ሰው ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው ካላዛርንም አስቡ፣ የት እንደነበረም ሳትጠየቁ ተናገሩ።

ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠቡና በቀጥታ ለክትባት ሂዱ። ጸበላችሁን ማንም አይከለክላችሁም፣ ግን ክትባቱ አይቅር፣ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰው ማዳን አንችልም።

ለጉንፋን አሞክሳሲሊን አትግዙ፣ ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ነው፣ አሞክሳሲሊን ደግሞ ቫይረስ አይገድልም።

ነገ እዛ ቤት ተመልሼ እሄዳለሁ፣ ትልቋም መመርመር አለባት። የመስኮቱን ጨርቅ ያን ቀን በእጄ ነቅዬ ነው የወጣሁት፣ መልሰው እንዳይወትፉት ነው የምፈራው።